ማን ጋር አደረች?

ተረት እችላለሁ ብዬ እኮራ ነበር። በተለይ የአያ ጅቦን ድምፅ በማውጣት የሚያክለኝ የለም። ጉሮሮዬን አጎርንኜ፣ ዓይኔን አፍጥጬ ስጀምር ልጆች ይንጫጫሉ። ይህን ኩራቴን አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ጥያቄ ወሰደብኝ። ጥያቄው እስካሁን አልለቀቀኝም። ልጻፈውና ይቅለለኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ጥቂት የዕረፍት ቀን አገኘሁና እናቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ከደምበጫ ወጣ ብላ ያለች ቀበሌ ናት። እህቴ ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ልጇን እማየ ጋር ትታው ነበር። ማሙሽ እንበለው። ቀን ቀን ምንም አይለው። ከጥጃ ጠባቂዎቹ ጋር ጭቃ ለጭቃ ሲሯሯጥ ይውላል። ሲመሽ ግን ፊቱ ይቀየራል። በሩ ተዘግቶ መወርወሪያው ሲገባ ዝም ይላል። አያለቅስም። ቢያለቅስ ይሻለን ነበር። እናቱ ስልክ ስትደውልም «መቼ ትመጫለሽ?» አይላትም። «ምን በላሽ?» ነው የሚላት።

መጫኛው

አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የጎረቤት ልጆች ዝናብ ይዟቸው እኛ ቤት ቀርተዋል። እማየ እሸት በቆሎ ጠብሳ አድላናለች። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምቹ መድረክ የለም።

«ተረት ተረት!» አልኩ።

«የላም በረት!»

ተረቱን ታውቁታላችሁ። አያ ጅቦ እመት ጦጢትን ይይዛታል። ሊበላት ሲል «ቶሎ በል እንጂ! ያልታሰረውን ሁሉ ጠርጎ የሚወስድ ነፋስ እየመጣ ነው፤ ወይ ብላኝ፣ ወይ ከዛፍ ጋር እሰረኝ» ትለዋለች። ጅብ የሚያስበው በሆዱ ነውና «እንግዲያው መጀመሪያ እኔን እሰሪኝ» ይላል። መጫኛ አምጥታ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል የለ? እዚህ የተታለለው አያ ጅቦ ነው። ሲነጋ እረኞች ደርሰው በዱላ ይቀበሉታል። እመት ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና ትስቃለች።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም በራሴ ተረት ሳቅሁ። ማሙሽ አልሳቀም። የጋቢዬን ጫፍ ይዞ ያስባል።

«ሌሊቱንስ ማን ጋር አደረች?» አለኝ።

«ማን?»

«ጦጣዋ።»

«ዛፍ ላይ ነዋ።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን» አልኩት። ምን ልበል? ተረቱ እንደዛ ነው።

በዚህ መሀል ከወንዙ ማዶ እውነተኛው ጅብ ጮኸ። ያ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ረጅም ጩኸት። ማሙሽ ጆሮውን ቀሰረ። «ማንን ነው የሚጠራ?» አለ። «ማንንም አይጠራም፤ ርቦት ነው» አልኩትና አለፍኩት። በአንድ ማታ ሁለት ጥያቄ ጠይቆኝ ሁለቱንም አበላሸሁ።

እኩለ ሌሊት ላይ እማየ ቀሰቀሰችኝ። ማሙሽ መደቡ ላይ የለም። በሩ እንደተዘጋ ነው። እማየ ባትሪውን ወደ ጋጣው መለሰችው።

ላሟ እግሯን አጥፋ ተኝታለች። ታመሰኳለች። ማሙሽ በሆዷና በጥጃው መካከል ተሸጉጦ እንቅልፍ ወስዶታል። አንድ እጁ የጥጃውን የአንገት ቆዳ ጨምድዷል። ጉልበቱ እበት ነክቷል። ላሟ ስትተነፍስ ጎኗ ከፍ ይላል፤ የእሱም ጭንቅላት አብሮ ከፍ ይላል። ስታወጣው ዝቅ ይላል። ያን ሙቀት ከብት ያለበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ የእበት፣ የወተትና የእርጥብ ሣር ሽታ የተቀላቀለበት፣ ፊትን እፍ የሚል። ላነሣው ጎንበስ ስል እማየ እጄን ያዘች።

«ተወው።»

«ብትረግጠውስ?»

«ላም የተኛ ልጅ አትረግጥም።» ነጠላዋን አውልቃ ደረበችለት።

ወተትና ሙቀት

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኮሌጅ ሳለሁ ከወሰድኩት የሳይኮሎጂ ኮርስ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀሩት ነገሮች በጣት ይቆጠራሉ። ከእነሱ አንዱ የሃሪ ሃርሎው ጦጣዎች ናቸው። ሃርሎው አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። ገና እንደተወለዱ ከእናታቸው ለተነጠሉ ግልገሎች ሁለት ሰው ሠራሽ እናት አቆመላቸው። አንዷ ባዶ ሽቦ ናት። ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ ለብሳለች። ለአንዳንዶቹ ጡጦውን ያደረገላቸው ሽቦዋ ላይ ነው። ግልገሎቹ ሽቦዋ ጋ ሄደው ይጠባሉ፤ ሲጨርሱ ተመልሰው ጨርቋ ላይ ይለጠፋሉ። አብዛኛው ቀናቸው የሚያልፈው እዛ ነው። የሚያስፈራ መጫወቻ ሲመጣባቸውም የሚሮጡት ወደ ጨርቋ ነው። በጊዜው ልጅ እናቱን የሚወደው ስለምታበላው ነው የሚሉ ምሁራን ብዙ ነበሩ። ሆድ እንዳልሆነ እነዚያ ግልገሎች አሳዩ። ዋጋውን የከፈሉትም እነሱ ናቸው፤ ብቻቸውን ያደጉት ኋላ ከሌሎች ጋር መኖር አቅቷቸዋል። ይህን ሳስብ ጥናቱን ከማድነቄ ጋር ያመኛል።

እንደ እውነቱ ለዚህ ዊስኮንሲን ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። በእኛ አገር ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች። ቢያስሯት፣ ቢለምኗት አትሰጥም። ባለቤቶቹ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ጭድ ሞልተው፣ ጨው ቀብተው ፊቷ ያቆሙላታል። ታሸተዋለች። ትልሰዋለች። ከዛ ወተቷ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ሲደረግ አይቻለሁ። ላሟ ስትላላ የነበረውን ዓይኗን እስካሁን አልረሳሁትም። ሞኝ ሆና የተታለለች መስሎኝ ስቄም ነበር። አሁን ግን እንጃ። ምናልባት ታውቅ ነበር።

እንግዲህ ማሙሽ ለጦጣዋ የተጨነቀው ለምን እንደሆነ ገባኝ። እኔ የነገርኩት የብልጠት ታሪክ ነው። እሱ የሰማው ሌሊቱን ብቻዋን ያደረች የአንዲት ጦጣ ታሪክ ነው። የእኛ የእንስሳት ተረት አብዛኛው እንደዚህ ነው። ጦጣ ታታልላለች፣ ጅብ ይታለላል፣ ቀበሮ ትፈርዳለች፣ አህያን ጅብ ይበላታል። ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ አይነግረንም። መጽሐፍ ላይ ሲታተም ደግሞ ከሥሩ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ይለጠፍበታል። ያን ጥያቄ ስንት ዓመት እንደመለስኩት! ማንም ግን «ጦጣዋ በርዷት ይሆን?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ቆይ ግን፣ ይህን ስል አያቶቻችንን ማማቴ ነው። እኔ ይህን ተረት መጀመሪያ የሰማሁት የት ነው? የአያቴ ጉልበት ላይ ነው። ቀሚሷ ጭስ ጭስ ይላል። እየተረተች ፀጉሬን ትዳብሳለች። ጦጣዋ ብቻዋን ብታድር እኔ ብቻዬን አልነበርኩም። ጅቡ ውጪ ነው፣ እኔ እቅፍ ውስጥ ነኝ። ፍቅሩ ተረቱ ውስጥ መኖር አላስፈለገውም፣ ዙሪያውን ከብቦታልና። እኛ ተረቱን ለቅመን ወረቀት ላይ ስናሰፍረው፣ ስልክ ላይ ስንጭነው፣ ጉልበቱን እዛው ምድጃው ዳር ትተነው መጣን።

አባባ ተስፋዬን አስቡ። ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ነገሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አዋቂው ሁሉ እንደ ልጅ አዘነ። የነገሩንን ተረት ምክሩን ለይቶ የሚያስታውስ ስንት ነው? ሁላችንም የምናስታውሰው ግን «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ያሉንን ነው። እኔ የማያቸው ደምበጫ ከአንድ ሻይ ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ ነበር፤ ያም ሆኖ ሰላም የሚሉት እኔን ይመስለኝ ነበር።

እማየ ተረቱን ለወጠችው

በማግስቱ ማታ ተረት የማወራበት ወኔ አልነበረኝም። እማየ እንዝርቷን ይዛ ምድጃው ዳር ተቀመጠች። ማሙሽን ጎኗ አስጠጋችው። ማንም ሳይጠይቃት «ተረት ተረት» አለች።

«የላም በረት» አለ ማሙሽ፣ ቀስ ብሎ።

«አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ልጆች ነበሯት፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት። ላምም ነበረቻት። ላሜ ቦራ የምትባል።»

ልቤ ድው አለ። ላሜ ቦራን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አለ? እናት በጠና ትታመማለች። ልትሞት ስትል ልጆቿን ለላሟ አደራ ትሰጣለች። ትሞታለች። የእንጀራ እናት ትመጣለች። ልጆቹን ታስርባቸዋለች፤ ላሟ ታጠግባቸዋለች። በመጨረሻ የእንጀራ እናቲቱ ሰበብ ፈጥራ ላሟን ታሳርዳታለች። እኔ በዚህ ተረት አልቅሼ ያደግኩ ነኝ። እናቱ ለሄደችበት ልጅ፣ ያውም ትናንት ጋጣ ላደረ ልጅ፣ ይህ ይነገራል? እማየን በዓይኔ ጠቀስኳት። አላየችኝም። ወይም እንዳላየች አለፈችኝ።

«አንድ ቀን እናትየዋ...» አለችና ቆም አለች። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከረከረች። ፈትሉ ረዘመ። ትንፋሼን ያዝኩ።

«...ገበያ ሄደች።»

ገበያ! እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ስሰማ ላሜ ቦራ ውስጥ ገበያ የሚባል ነገር የለም።

«ገበያው ሩቅ ነው። በአንድ ቀን አይደረስም። ልጆቹን ይዛ እንዳትሄድ መንገዱ ያደክማቸዋል። ላሟ ዘንድ ሄደች። ግንባሯን እያሻሸች፣ ላሜ ቦራ ላሜ ቦራ፣ የልጆቼን ነገር አደራ አለቻት።»

«ላሟ እሽ አለች?»

«እሽ አለች።»

«አፍ አላት?»

«ላም በጆሮዋ ነው እሽ የምትል።»

ማሙሽ ወደ ጋጣው ዞሮ አየ። ላማችን በትክክል በዛ ሰዓት ዝንብ ለማባረር ጆሮዋን አራገበች። ይህን ብፈጥረው ማንም አያምነኝም፤ ግን አራገበች።

«ማን ጋር አደሩ?» መጣች ጥያቄዋ።

«ጎኗ ሥር።»

«ይሞቃል?»

«ይሄን አንተ ታውቅ የለ? እኔን ምን ትጠይቀኛለህ።»

ሳቀ። ከመጣሁ ጀምሮ ከመሸ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እማየ ቀጠለች። ላሟ የሰጠቻቸውን ወተት አረፋ ሳይቀር ተረከችው። ልጆቹ መዥገሯን ሲለቅሙላት፣ እሷ ራሳቸውን ስትልሳቸው፣ የምላሷ ሻካራነት፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥታ። እኔ ብሆን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፌው ወደ እንጀራ እናቲቱ በሮጥኩ ነበር። ወደ ክፉዋ ሴት ሳትደርስ ማሙሽ ተኛ። በዛ ሌሊት መደቡ ላይ አደረ።

«ለወጥሽው እኮ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«እናትየዋ ትሞታለች እንጂ ገበያ አትሄድም።»

ፈትሏን እየጠቀለለች እንደ ሞኝ አየችኝ። «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ሲባል አልሰማህም? እንባው አንድ ከሆነ ተረቱም አንድ ነው።»

«መታረዷስ? እሱንም ልትተይው ነው?»

«እሱን እናቱ ስትመጣ ትንገረው።»

እዚህ መልስ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። ተረት ቅርስ ነው፣ አይነካም የሚል ወገን ነኝ። የላሜ ቦራ ጉልበትም ያለው መታረዷ ላይ ይመስለኛል። አባቴ ዳማ የሚባል በሬ ነበረው። ማታ ማታ አንገቱን እያከከ ስለ ቀኑ እርሻ ያወራው ነበር። አርጅቶ የሸጠው ቀን ከገበያ ተመልሶ ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰቀለና እራት ሳይበላ ተኛ። ዳማን ትወደው ነበር ወይ ብትሉት ግን ይስቅባችኋል። አንዳንድ የከተማ ሰው እንስሳ መውደድ የፈረንጅ ቅብጠት ይመስለዋል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን ያ ሁሉ ፈረስ እንደ ሙሽራ አጊጦ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን አይልም። በእኛ ቤት መውደድና ማረድ፣ መውደድና መሸጥ አብረው ነው የኖሩት። ላሜ ቦራ ይህን አትደብቅም። ለዚህ ነው መጨረሻውን መቁረጥ ውሸት የመሰለኝ።

እማየ ግን አልቆረጠችውም። አቆየችው። ይህን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። የላሟ ሞት የሚነገረው የሚያቅፈው ሰው ሲኖር ነው ማለቷ ነው። ሐዘኑን የሚችልበት ጉልበት እስኪመጣ ተረቱ ይጠብቃል። እኔ ስለ ተረቱ ሳስብ እሷ ስለ ሰሚው ታስባለች።

ጉማሬው

ባሕር ዳር ከተመለስኩ በኋላ ጥያቄውን የሚመልስ ታሪክ መፈለግ ሥራዬ ሆነ። ከሁሉ የተሻለው እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ሱናሚው በደረሰ ሰሞን፣ ኬንያ ማሊንዲ አጠገብ አንድ የጉማሬ ግልገል ከመንጋው ተለይቶ ባሕር ውስጥ ተገኘ። ዕድሜው ዓመት ቢሆነው ነው። ወደ ሦስት ኩንታል ይመዝናል። በመከራ አውጥተው ሞምባሳ፣ ሀለር ፓርክ ወሰዱት። ስሙን ኦውን አሉት። እዛ ምዜ የሚባል 130 ዓመት ገደማ የተባለለት ግዙፍ ኤሊ ነበር። ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። ግልገሉ እንደተፈታ ሮጦ ሄዶ ከኤሊው ጀርባ ተሸጎጠ።

ልቤን የነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ኤሊው አልፈለገውም። ፉፍ እያለ ሸሸው፤ ኤሊ የቻለውን ያህል። ግልገሉ ተከተለው። ሲነጋ ተጠጋግተው ተኝተው አገኟቸው። እየቆየ አብረው መብላት፣ አብረው ውሃ መግባት ጀመሩ። ኋላ ጉማሬው ሲከብድ ኤሊውን እንዳይጎዳው ተለያዩ። ኦውንን ከሌላ ጉማሬ ጋር አኖሩት።

ይህን ለማሙሽ በስልክ ነገርኩት። ጉማሬ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ጣና ዳር አሳይቼዋለሁ። ሱናሚውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኩት። የቀረውን ጊዜ ለኤሊው ጀርባ ሰጠሁት። «መጀመሪያ እምቢ አለው?» አለ። «አዎ።» «እሱ ግን አልሄደም?» «አልሄደም።» ሦስት ጊዜ ይህችኑ አስደገመኝ። እምቢ ተብሎም አለመሄዱ ነው የያዘው።

የጅቡንም ጩኸት ጉዳይ አጣርቻለሁ። ርቦት ነው ብዬ የዋሸሁትን። ጅብ ብቻውን የሚኖር አውሬ አይደለም። በመንጋ ይኖራል፤ መንጋውን የሚመሩት ሴቶቹ ናቸው። ግልገሉ ዓመት አልፎትም እናቱን ይጠባል። ያ ረጅም ጩኸት ተራርቀው ያሉት የሚጠራሩበት ነው። «ማንን ነው የሚጠራ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር የጠየቀው። ይህንንም ነገርኩት። «ተናግሬህ ነበር» የሚል ዓይነት ዝምታ ዝም አለኝ።

እህቴ መስከረም ላይ ተመለሰች። በጥቅምት ሁለቱ ባሕር ዳር መጥተው እኔ ዘንድ አደሩ። ማታ ላይ ማሙሽ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ «ዛሬ እኔ ነኝ የምተርት» አለ። የመረጠው የእኔኑ ተረት ነው። ነፋሱንም፣ መጫኛውንም አልረሳም። ድምፁን እንኳ እንደኔ አጎርንኗል። ጅቡ ታሰረ። ጦጣዋ ዛፍ ላይ ወጣች። ከዛ መሸ።

«ጅቡ ጮኸ» አለ። «ጦጣዋ ሰማችው። ወርዳ ፈታችው። እሱ ከዛፉ ሥር ተኛ፣ እሷ ከላይ ተኛች።»

«አይበላትም እንዴ?» አልኩት።

«መሽቷል እኮ፣ ጋሸ» አለኝ።